ሦስት ፊደል

ሮስቪታ ክሬችማር አራሚ ነበረች፣
ላይፕሲግ ማተሚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኖረች፣
በቀይ እርሳስ ጫፍ ነጠላ ሰረዝ ስታድን፣
የሰው ስህተት ስትለቅም፣ የራሷን ስትከድን።

ጥቅምት ነው፣ ሰኞ ነው፤ ከሰል ይሸታል አየሩ፤
ልጇ ቲሎ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ተዘግቶበት በሩ፣
የአልጋዋን አንሶላ ወለል ላይ ዘርግቶ፣
በጥቁር ቀለም ብሩሽ እስከ ክርኑ ነክቶ፣
«እማ፣ ልክ ነው?» አላት፣ አንገቱን አቅንቶ።
ቪር ዚንት ዳስ ፎልክ። «ሕዝቡ እኛ ነን» ማለት ነው።
አነበበች፣ ደገመች፤ እርሳሷን መለሰችው።
«ፊደሉ ልክ ነው» አለች፣ «አሁን ኮትህን ልበስ፤
ፖሊስ ከበዛ አትሩጥ፤ በጓሮ በር ተመለስ።»

ዳስ ማለት በነሱ አፍ፣ ወንድም ሴትም ላልሆነ፣
ለሕፃን፣ ለቤት፣ ለዳቦ፣ ለሕዝብ የተወሰነ፣
ከስም ፊት ቀድማ የምትሄድ ሚጢጢ ቃል ነች፤
በእኔ ጆሮ ግን ያን ማታ ሌላ ሆና ተሰማች፦
ሰርገኛ የሚያስጠልል፣ ሐዘንተኛ የሚሰበስብ፣
በአንድ ሌሊት የተጣለ፣ ማገሩ የሰው ወገብ።

በኅዳር ግንቡ ተሸነቆረ፤ ሰዉ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤
አጎትየው ኤካርት ደግሞ ከፋብሪካ ተመለሰ፤
በዚያችው አንሶላ ላይ ነጭ ቀለም ቀብቶ፣
ሦስት ፊደል አጥፍቶ፣ ሦስት ፊደል ተክቶ፣
ዳስን አፈረሰና አይን አቆመበት።
ቪር ዚንት አይን ፎልክ።
                    ጠብ ገባ ከቤት።

አይን እነሱ ጋ «አንድ» ነው። «አንድ ሕዝብ ነን ማለት፣
ምሥራቅም ምዕራብም፣ የአንዲት እናት ልጅነት።»
«አይ! አንድ ተራ ሕዝብ፣ ከብዙዎቹ አንዱ ማለት!
ትናንት ባለቤት ነበርን፣ ተሳቢ እንሁን አሁን?
ገመዱን የያዘው እጅ ማን እንደሆነ ሳይነግሩን?»

አራሚዋን ጠሩ፣ ዳኛ ትሁን ብለው።
መነጽሯን ጠረገች፤ ጨርቁ የባሰ ቆሻሻ ነው።
«አይን ረገጥ ሲያደርጉት ቁጥር ይሆናል፤
ለስለስ ሲሉት ደግሞ ማንም አንዱን ይላል።
ልዩነቱ ከድምፅ ነው፤ አንሶላ ላይ የለም፤
እርሳሴ» አለች፣ «የጩኸት ዜማ አይሰማም።»

ዓመቱ ሄደ። ማተሚያ ቤቱ በአንድ ማርክ ተሸጠ፤
ኤካርት ጡረታ ሳይደርስ ከመስኮት ዳር ተቀመጠ፤
ቲሎ ሽቱትጋርት ወረደ፣ ደሞዝ ወዳለበት አገር፤
በስልክ ስለ አየር ነው፤ ሌላ ነገር አይነገር።

ከፎቋ ሥር ቱይ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፣
ከሃይፎንግ በኮንትራት መጥታ እዚያው የቀረች፣
ዴር፣ ዲ፣ ዳስን ከሮስቪታ ቁጭ ብላ የተማረች፤
ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት ሲባል ዛሬም የምትስቅ ነች።

አንድ ማታ፣ እንደገና ሰኞ፣ አደባባዩ ተሞላ፤
ያችው ቃል ተጮኸች፣ ያው ዳስ፤ የቆመው ሰው ግን ሌላ።
በቱይ ሱቅ በኩል አለፉ፤ በመስታወቱ አዩዋት፤
ያን ጊዜ ዳሱ ራሱ
                    አይን አወጣባት።

ደረጃውን ወጥታ መጣች፣ መርፌ ከደረቷ ተሰክቶ።
«ፍራው ክሬችማር» አለች፣ ድምጿ ከወትሮው ሰልቶ፣
«ሠላሳ ዓመት ሱሪያቸውን አሳጥሬ፣ አስረዝሜ፣
ከዳሱ ውስጥ ነኝ? ወይስ ከደጅ ነው ቆሜ?»

ሮስቪታ መልስ አልነበራት። ተነሥታ ቁም ሣጥን ከፈተች፤
ከክረምት ብርድ ልብስ ሥር ያቺን አንሶላ አወጣች።
የኤካርት ነጭ ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጠ፤
አይን ከላይ፣ ዳስ ከሥር፣ አንዱ ባንዱ ላይ አፈጠጠ።
የቀይ እርሳሷ ጫፍ ግን ወደዚያ አልሄደም፤
ዞረ፤ ወደ መጀመሪያው፤ እጇም አልፈጠነም፤
ማንም ያልተጣላባት፣ ማንም ያላረማት፣
«እኛ» የምትለዋን ቃል፣ ከሥሯ አሰመረችባት።

ቱይ አላየችም።
«ጥጡ ደህና ነው» አለች፣ ጨርቁን በጣቷ አሽታ፤
«ጠርዙ ግን ተተርትሯል። ልውሰደው፣ ይደር አንድ ማታ።»